ሁለት ቀጠና፣ አንድ ግራፍ፦ የእንጨት ቺፕስ ምርትን በዓመታት የማነጻጸር አሠራር

ሐዋሳ ውስጥ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ቺፕስ የሚሠራበትን ነገር አይቶታል። ግንዱ ጣውላ ሲሆን ዳር ዳሩና ቁርጥራጩ ይተርፋል። እኛ ጋ ቁርጥራጩ ለማገዶ ይሄዳል። ሰጋቱራው ለዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ይሸጣል። ስዊድን ውስጥ ግን ያ ቁርጥራጭ ማሽን ገብቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጣሪ ይሆናል። ከዚያ ወይ ወረቀት ይሠራበታል፣ ወይ ሰሌዳ ይሆናል፣ ወይ ተቃጥሎ የከተማ ቤቶችን ያሞቃል። ቬትናም ውስጥ ደግሞ ገበሬው ለዚሁ ብሎ አካሽያ ይተክላል። ዛፉ እንዳለ ይከተከትና በመርከብ ወደ ቻይናና ጃፓን ይጫናል።

ሁለቱም «የእንጨት ቺፕስ» ተብለው አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ ለወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ለእንጨት ነጋዴዎችና ስለ ደን ለሚጽፉ ጋዜጠኞች ነው። ጉዳዩ ከወረቀት ሥራ ያለፈ ነው። በሲዳማና በዙሪያዋ ባህር ዛፍ ተክሎ፣ አጠና ሸጦ ልጆቹን የሚያስተምር ገበሬ ብዙ ነው። «እስያ በቺፕስ አልፎላታል» የሚል ወሬ ሰምቶ በማሳው ላይ የሚወስን ሰው ይኖራል። በተሳሳተ ግራፍ ተነሥቶ ከወሰነ የሚከፍለው እሱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ስናወጣ ጠንቀቅ እንበል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ቁጥሩን ከኢንተርኔት ማውረድ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ዋናው ሥራ ሁለቱ መስመሮች በሁሉም ዓመት አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ፣ በአንድ ዓይነት የአገሮች ዝርዝር እየቆጠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ የተደረደሩ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

«ቺፕስ የት ይበዛል?» የሚለው ጥያቄ አያሠራም። ይህኛው ግን ያሠራል፦ «ከ2000 ወዲህ የሰሜን አውሮፓና የደቡብ ምሥራቅ እስያ የቺፕስ ምርት እንዴት ተለወጠ?» ቀጠናዎቹ ተለይተዋል። መነሻ ዓመት አለ። የምንለካው ምርት እንደሆነም ታውቋል፤ ወደ ውጭ የተላከው አይደለም።

እነዚህን ሁለት ቀጠናዎች የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአንደኛው ቺፕስ በአብዛኛው የጣውላ ተረፈ ምርት ነው። በሌላኛው ለቺፕስ ተብሎ የተተከለ ዛፍ ነው። ለእኛ አገር ባህር ዛፍ አምራች የሚጠቅመው ይህን ልዩነት ማየት ነው። እናንተ ሌላ ጥንድ ብትመርጡም አሠራሩ አይለወጥም።

ሁለተኛ፦ ምን እንደሚቆጠር እወቁ

መረጃው የሚገኘው በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በተለምዶ ፋኦ በምንለው ድርጅት የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ስሙ ፋኦስታት ይባላል። የደን ምርት መረጃው ከ1961 ይጀምራል። ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም።

የፋኦን ትርጓሜ ሳያነቡ ቁጥሩን የሚያወርዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ትርጓሜው እንዲህ ነው፦ ቺፕስ ማለት ለወረቀት ጥሬ ዕቃ፣ ለሰሌዳ፣ ለማገዶ ወይም ለሌላ አገልግሎት እንዲሆን ተቆራርጦ የደቀቀ እንጨት ነው። የሚለካው በድፍን ሜትር ኩብ ነው፤ ማለትም በስንጣሪዎቹ መሐል ያለው አየር ሳይቆጠር እንጨቱ ብቻ። ልጥ አይጨመርበትም። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። ጫካ ውስጥ በቀጥታ ከግንድ የተከተከተ ቺፕስ እዚህ አይቆጠርም። ለምን? ያ እንጨት ገና ሲቆረጥ በግንድ ምርት ውስጥ፣ ወይ የወረቀት እንጨት ወይ ማገዶ ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል።

የመጀመሪያው፣ ተንቀሳቃሽ መከትከቻ ማሽን ወደ ጫካ የሚወስድ አገር ብዙ ቺፕስ እያመረተ በዚህ መስመር ላይ ትንሽ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው፣ የንግዱ መዝገብ እንዲህ አይለይም። ድንበር ሲሻገር ቺፕስ ሁሉ ቺፕስ ነው። ስለዚህ የአንድ አገር ኤክስፖርት ከምርቱ በልጦ ብታገኙት ወዲያው «ስህተት ነው» አትበሉ። ሦስተኛው፣ ቺፕስንና ግንድን ደምራችሁ «ጠቅላላ የእንጨት ምርት» ብላችሁ አትጻፉ። ቺፕሱ የወጣው ከዚያው ከተቆጠረው ግንድ ነው።

ሰጋቱራና ሌላው የእንጨት ተረፈ ምርት በሌላ መስመር ነው የሚገኘው። ያለቀለት ሰሌዳ፣ እኛ ችፑድ የምንለው ዓይነት፣ እሱም የራሱ መስመር አለው። ስትመርጡ አታምታቱ።

ሦስተኛ፦ አውርዱ

ፋኦስታት ውስጥ የደን ምርትና ንግድ የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ከዚያ አራት ነገር ትመርጣላችሁ፦ ቀጠና፣ ምርት፣ የእንጨት ቺፕስ፣ ዓመታት። ቀጠና ስትመርጡ እያንዳንዱ ስም ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው የቀጠናውን ድምር ይሰጣል። ሌላው በቀጠናው ያሉትን አገሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ውሰዱ። ድምሩ ቢያጓጓም ውስጡ ምን እንዳለ አያሳይም።

ምልክቶች የሚለው ሳጥን ላይ ጭረት መኖሩን አረጋግጡ። በኋላ በጣም ታስፈልጋለች። ፋይሉን በሲኤስቪ አውርዱትና በኤክሴል ክፈቱት። ትንሽ ፋይል ስለሆነ በስልክ ዳታም ይወርዳል። የመጀመሪያውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡትና በቅጂው ላይ ሥሩ።

በዚያው አካሄድ ሦስት ተጨማሪ መስመሮችን ውሰዱ፦ የጣውላ ምርት፣ ለወረቀት የሚሆን ግንድ፣ የቺፕስ ኤክስፖርት። ለማመሳከሪያ ናቸው።

አራተኛ፦ የአገሮቹን ዝርዝር አጽኑ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ማነጻጸሪያ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት አከፋፈል ሰሜን አውሮፓ የሚላቸው ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ አይስላንድ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ልብ በሉ። እስከ 1991 በመረጃው ውስጥ ለብቻቸው የሉም፤ በሶቪየት ኅብረት ሥር ናቸው። ከ1992 ጀምሮ በራሳቸው ስም ይመጣሉ። ሦስቱም ደን ያላቸው፣ እንጨት የሚሠሩ አገሮች ናቸው። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ይዞ ከ1992 በፊትና በኋላ የሚያነጻጽር ሰው የሚያየው «ዕድገት» ከፊሉ የፖለቲካ ካርታ ለውጥ ነው። በዚያች ዓመት አንድ ተጨማሪ ዛፍ ባይቆረጥ እንኳ መስመሩ ሊነሣ ይችላል።

ሌላም ቦታ እንዲሁ ነው። ቼኮዝሎቫኪያ እስከ 1992 አንድ ናት፤ ከ1993 ሁለት ትሆናለች። ቤልጅየምና ሉክሰምበርግ እስከ 1999 በጋራ ነው የተመዘገቡት። የራሳችንም አለ፦ ኤርትራን የሚጨምረው የቀድሞው የኢትዮጵያ መስመር በ1992 ያበቃና ከ1993 አዲስ ይጀምራል። ምሥራቅ አፍሪካን የምታነጻጽሩ ተማሪዎች ይህን አትርሱ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አዲስ ሉህ ክፈቱና የየቀጠናውን አገሮች ስም በእጃችሁ ጻፉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓመት ያው ዝርዝር ይሁን። ድምሩን ራሳችሁ ደምሩ። መነሻችሁን 2000 ካደረጋችሁ የባልቲክ አገሮች፣ ማለትም የኢስቶኒያ፣ የላትቪያና የሊትዌኒያ ጣጣ የለባችሁም። ወደ ኋላ መሄድ ግድ ከሆነ ሦስቱን አገሮች ከሁሉም ዓመት አውጡና ያንን በግልጽ ጻፉ።

አምስተኛ፦ ምልክቶቹን አንብቡ

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንድ ፊደል አለች። «ኤ» ከሆነች ቁጥሩ ከአገሩ በይፋ የመጣ ነው። «ኢ» ግምት ናት። «አይ» ክፍተቱ በስሌት መሞላቱን ትናገራለች። «ኤክስ» ከሌላ ዓለም አቀፍ ድርጅት መወሰዱን ታሳያለች። የፊደሎቹ ማብራሪያ እዚያው ፋይል ውስጥ አለ።

አገሮቹን በዓመት ደርድሩና ይፋ ያልሆኑትን ቀለም ቀቡ። አንዳንድ አገር ላይ ያው ቁጥር ለዓመታት ሳይነቃነቅ ሊቀመጥ ይችላል። የእንጨት ፋብሪካ በየዓመቱ እኩል አያመርትም። ያ ቁጥር አገሩ ሪፖርት ሳይልክ ሲቀር የአምናው መደገሙን ነው የሚነግራችሁ። ከዚያ ድንገት አዲስ ሪፖርት ይመጣና መስመሩ ይዘላል። ዝላዩን በዚያ ዓመት የተገኘ ዕድገት አድርጋችሁ አትጻፉት።

እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ከቀጠናው ድምር ግማሽ በላይ በግምት የተሞላበትን ዓመት መነሻም መድረሻም አላደርገውም። መሐል ላይ ከሆነ በግራፉ ላይ በነጠብጣብ መስመር አሳየዋለሁ። እናንተ ሌላ ወሰን ልታበጁ ትችላላችሁ። ወሰኑ ግን ግራፉን ሳትሠሩ በፊት ይወሰን፤ ያለዚያ ለምንወደው ውጤት ስንል እንዘረጋዋለን።

ስድስተኛ፦ መለኪያውን አንድ አድርጉ

የፋኦ ቁጥር ብቻ ከሆነ የያዛችሁት፣ ሁሉም ድፍን ሜትር ኩብ ስለሆነ እለፉት። ከጋዜጣ፣ ከኩባንያ ሪፖርት ወይም ከወደብ መረጃ ከጨመራችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ። ቺፕስ በሦስት ዓይነት ይለካል፦ በድፍን ሜትር ኩብ፣ በልቅ ሜትር ኩብ፣ በክብደት። ክብደቱም ወይ ከነእርጥበቱ ነው፣ ወይ ፍጹም ደረቅ ሆኖ ተሰልቶ። የእስያና የፓስፊክ ቺፕስ ንግድ በደረቅ ቶን መነጋገር ይወዳል።

ልቅ ማለት ተከትክቶ እንደተከመረ ማለት ነው። በስንጣሪዎቹ መሐል አየር አለ። አንድ ድፍን ሜትር ኩብ እንጨት ሲከተከት ወደ 2.5 ልቅ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። አሸዋ የሚያመላልሰውን 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ አስቡት። ጢም ብሎ ቺፕስ ቢጫን በድፍን እንጨት 6.4 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። «በሲኖ ይህን ያህል ተጫነ» የሚለውን በቀጥታ ከፋኦ ቁጥር ጎን ብታስቀምጡት ከእጥፍ በላይ ትስታላችሁ።

ክብደቱን ደረጃ በደረጃ እናስላ። 100 ቶን እርጥብ ቺፕስ አለ እንበል። ከክብደቱ ግማሹ ውኃ ነው፤ ለትኩስ እንጨት የተለመደ መጠን ነው። ስለዚህ ደረቁ 50 ቶን ነው። የዛፉ ጥግግት በድፍን ሜትር ኩብ 0.5 ደረቅ ቶን ከሆነ፣ 50 ለ0.5 ሲካፈል 100 ድፍን ሜትር ኩብ ይሆናል። ባህር ዛፍና አካሽያ ለዚህ የቀረቡ ናቸው። አሁን ያንኑ 50 ደረቅ ቶን ከሰሜን አውሮፓ ስፕሩስ ውሰዱ። ጥግግቱ ወደ 0.4 ስለሚጠጋ 125 ድፍን ሜትር ኩብ ይወጣል። ክብደቱ እኩል፣ መጠኑ የተለያየ። ሁለቱን ቀጠናዎች በቶን ብታነጻጽሩና በሜትር ኩብ ብታነጻጽሩ ልዩነቱ የሚለዋወጠው በዚህ የተነሣ ነው። የትኛውን እንደመረጣችሁ ከግራፉ ሥር ጻፉ።

የአገር ውስጥ ቁጥር ለመጨመር የምታስቡ፣ ለምሳሌ ከሙኔሳ ሻሸመኔ ደን አካባቢ መሰንጠቂያዎች፣ የዘመን አቆጣጠሩንም ተመልከቱ። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የእኛ የ2015 በጀት ዓመት በአውሮፓውያኑ ከሐምሌ 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ነው። የፋኦ ዓመት ደግሞ ከጥር እስከ ታኅሣሥ። በግድ አንዱ ዓመት ውስጥ ከመክተት 2022/23 ብሎ መጻፉ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ዕድገቱን በሁለት መንገድ አስሉ

በመጀመሪያ ለየዓመቱ ቁጥር የሦስት ዓመት አማካይ ውሰዱ። አንድ ክፉ ዓመት ወይም አንድ አውሎ ነፋስ መነሻችሁን እንዳያዛባው ነው።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ለውጥ አስሉ፦ በሜትር ኩብ ስንት ጨመረ፣ በዓመት በመቶኛ ስንት አደገ። ለልምምድ ብቻ የፈጠርኳቸውን ቁጥሮች ተመልከቱ። ቀጠና ሀ በ20 ዓመት ከ40 ሚሊዮን ወደ 50 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሄደ። ቀጠና ለ ከ2 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን። በመጠን ብናየው ሀ 10 ሚሊዮን ጨመረ፤ ለ 6 ሚሊዮን። በፍጥነት ብናየው ግን ለ አራት እጥፍ ሆኗል። የዓመቱን አማካይ ዕድገት ለማግኘት የመጨረሻውን ለመጀመሪያው አካፍሉ፤ ውጤቱን ወደ 1/20 ኃይል አንሡ፤ 1 ቀንሱ። ሀ በዓመት 1.1 በመቶ አደገ፤ ለ 7.2 በመቶ።

ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ የሚጽፍ ሰው ግን አንባቢውን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። «ለ በፍጥነት አደገ» የሚለውን ብቻ የሰማ ገበሬ፣ ሀ አሁንም ስድስት እጥፍ እንደሚያመርት አያውቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ስምንተኛ፦ ግራፉን ሣሉ፣ ከዚያ ምክንያቱን ፈልጉ

ሁለት ግራፍ ሥሩ። አንደኛው በሚሊዮን ሜትር ኩብ። ሁለተኛው የየቀጠናውን የ2000 ምርት 100 ብሎ የሚነሣና ሌላውን ዓመት ከዚያ አንጻር የሚያሳይ። የግራና የቀኝ መለኪያ ያለው አንድ ግራፍ አትሥሩ፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ መለኪያውን በመረጠው ሰው እጅ ነው።

ከፍና ዝቅ ያለበትን ዓመት ምልክት አድርጉና የምታውቁትን ክስተት አስጠጉ። ሰሜን አውሮፓ ላይ፦ ስዊድን በ1991 የካርቦን ግብር ጀምራለች፤ እንጨት ለማሞቂያ እንዲፈለግ አድርጓል። በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ስዊድን ውስጥ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ዛፍ ጣለ። በ2008 እና 2009 የዓለም የገንዘብ ቀውስ የቤት ግንባታን ሲያቀዘቅዝ የጣውላ ፈላጊ ቀነሰ። ጣውላ ካልተሰነጠቀ ደግሞ ተረፈ ምርቱ ከየት ይመጣል? በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ የአውሮፓ ኅብረት የሩሲያን እንጨት አገደ፤ ከሩሲያ ቺፕስ ታስገባ የነበረችው ፊንላንድ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነበረባት።

ደቡብ ምሥራቅ እስያ ላይ ዋናዋ ቬትናም ናት። ከ1998 እስከ 2010 አምስት ሚሊዮን ሄክታር ደን የመትከል ብሔራዊ ፕሮግራም አካሂዳለች። ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች አካሽያ ተከሉ። ዛፉ በአምስት ዓመት አካባቢ ለቺፕስ ይደርሳል። የቻይና የወረቀት ፋብሪካዎች በዚያው ዘመን እየሰፉ ስለነበር ገዢ አላጣም። ቬትናም ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከዓለም ቀዳሚ የቺፕስ ላኪዎች አንዷ ናት።

ክስተቱ ከመስመሩ ጋር በዓመት መገጣጠሙ ብቻውን በቂ አይደለም። ለዚህ ነው ተጨማሪዎቹን መስመሮች ያወረድነው። ለሰሜን አውሮፓ ቺፕስን ለጣውላ አካፍሉ። ከ100 ሜትር ኩብ ግንድ ግማሽ ገደማው ጣውላ፣ 30 ገደማው ቺፕስ ይሆናል። ስለዚህ ውጤቱ በ0.6 ዙሪያ ቢመላለስ አይገርምም። በአንድ ዓመት ድንገት እጥፍ ከሆነ፣ ፋብሪካው ሳይሆን አመዘጋገቡ ተለውጧል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ የዚያን አገር ምልክት ተመልሳችሁ እዩ። ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ይህ መፈተኛ አይሠራም፤ ቺፕሱ ከጣውላ ጋር የታሰረ አይደለም። እዚያ ከኤክስፖርቱና ለወረቀት ከሚሆነው ግንድ ጋር አስተያዩት። ኤክስፖርቱ እየወጣ ምርቱ ባለበት ከቆመ፣ የቆመው ሪፖርቱ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ለባህር ዛፍ አምራቾቻችንም ትምህርቱ እዚህ ጋ ነው። የቬትናም መስመር የወጣው ዛፍ ስለተተከለ ብቻ አይደለም። ወደቡ ለተከላው ቅርብ ነበር፤ ገዢዎቹም በባሕር የሚደረስባቸው ነበሩ። ቺፕስ ከመጠኑ አንጻር ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ የየብስ ጉዞ ትርፉን ይበላዋል። ከሐዋሳ እስከ ጅቡቲ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን በደንብ ያስላው። አገር ውስጥ ሰሌዳ ለሚሠራ ፋብሪካ ማቅረብ ግን ሌላ ስሌት ነው፤ ለእኛ የሚቀርበውም እሱ ይመስለኛል።

ዘጠነኛ፦ ውጤቱን ጻፉና ፋይሉን አስቀምጡ

የውጤት ዓረፍተ ነገራችሁ አምስት ነገር ይያዝ፦ ቀጠናዎቹን፣ ዓመታቱን፣ መለኪያውን፣ ሁለቱን የዕድገት ስሌቶች፣ ምን ያህሉ ግምት እንደሆነ። ለምሳሌ፦ «ከ2000 እስከ 2020፣ በድፍን ሜትር ኩብ፣ በማይለወጥ የአገሮች ዝርዝር፣ የሰሜን አውሮፓ ምርት ይህን ያህል ጨመረ፤ በዓመት ይህን ያህል በመቶ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ ይህን ያህል፤ ከመጨረሻው ዓመት ድምር ይህን ያህሉ ግምት ነው።» ረዘም ይላል፤ ይርዘም።

ከግራፉ ሥር መረጃውን ያወረዳችሁበትን ቀን አስፍሩ። ፋኦ አዲስ ዓመት ሲጨምር የቆዩትንም ቁጥሮች ይከልሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ስታድሱ የመጨረሻዋን ዓመት ብቻ አውርዳችሁ ከአሮጌው ሰንጠረዥ ጫፍ ላይ አትቀጥሏት። ከ2000 ጀምሮ ሙሉውን እንደገና አውርዱ፤ ከአሮጌው ፋይል ጋር አስተያዩ፤ የተለወጡትን ሴሎች ቀለም ቀቡና የአገሩን ስም ከጎናቸው ጻፉ።